ሌሊት ተሻግሮ የሚሮጥ የቡድን ቅብብል ለበጎ አድራጎት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ የምንኖር ወገኖች ለአንድ በጎ ዓላማ ገንዘብ እናሰባስብ ስንባል ቶሎ የሚታሰበን አዳራሽ ተከራይቶ እራት ማዘጋጀት፣ ዘፋኝ መጋበዝና ድፎ ዳቦ ለጨረታ ማቅረብ ነው። እኛ ቡድን አዋቅረን በሌሊት ቅብብል መሮጥ ከጀመርን ወዲህ ግን «እንዴት ነው የሚሠራው?» የሚሉ ሰዎች በርክተዋል። መልሶቹን በአንድ ቦታ ማስፈሩ ይሻላል ብለን ይህን አዘጋጅተናል። ምሳሌ የምናደርገው በኦሪገን ግዛት የሚካሄደውንና ብዙዎች የዚህ ዓይነት ቅብብሎች እናት የሚሉትን ሁድ ቱ ኮስትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወሮቹና ሰዓቶቹ ደግሞ በሀገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁድ ቱ ኮስት ምን ዓይነት ውድድር ነው?

በ1982 ዓ.ም. ቦብ ፉት የተባለ የኦሪገን ሯጭ 8 ቡድኖችን ይዞ የጀመረው የጎዳና ላይ ቅብብል ነው። መነሻው በሁድ ተራራ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ቲምበርላይን ሎጅ ሲሆን፣ መድረሻው የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ከተማ የሆነችው ሲሳይድ ናት። መንገዱ ወደ 199 ማይል፣ ማለትም 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም በ36 ክፍሎች ተከፋፍሎ ከ8 እስከ 12 አባላት ባሉት ቡድን በተራ በተራ ይሮጣል። ውድድሩ በነሐሴ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ላይ ዓርብ ጠዋት ተጀምሮ ቅዳሜ ይጠናቀቃል። ስሙ ዱላ ቅብብል ይባል እንጂ ዱላ የለም፤ ከሯጭ ወደ ሯጭ የሚተላለፈው በእጅ አንጓ ላይ የሚጠመጠም አምባር ነው።

ሌሊቱን ሙሉ መሮጥ አለብኝ?

የለብዎትም። 12 ሰው ባለው ቡድን አንድ ሯጭ የሚሮጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ በአማካይ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ከባዱ ነገር ርቀቱ ሳይሆን ሮጦ፣ በላብ ርሶ፣ መኪና ውስጥ ተኮራምቶ ለጥቂት ሰዓታት ከቆዩ በኋላ ጡንቻው በተቆላለፈበት ሰዓት እንደገና ተነሥቶ መሮጡ ነው። ስለዚህ ለዚህ ውድድር የሚዘጋጅ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ርቀት ከመሮጥ ይልቅ አንዳንዴ ማታ ሮጦ በማግስቱ ንጋት ላይ መድገምን ቢለማመድ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው ክፍል የሚደርሰው ሰው ደግሞ ቁልቁለት መለማመድ አለበት። ከተራራው ወደ ታች መንደርደር ሲጀምሩ ደስ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን የጭን ጡንቻ ሒሳቡን ይጠይቃል።

በአጠቃላይ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ፕሮግራሙስ እንዴት ይወጣል?

ፈጣኖቹ ቡድኖች ከ20 ሰዓት በታች ይጨርሱታል፤ እንደኛ ያለ ቡድን ግን ከ30 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አማካይ ፍጥነታችሁ ለአንድ ማይል 10 ደቂቃ ከሆነ 199 ማይል 1,990 ደቂቃ፣ ማለትም 33 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። አዘጋጆቹም የምትሰጧቸውን የፍጥነት ግምት ተመልክተው ቀርፋፋዎቹን ቀደም ብለው፣ ፈጣኖቹን ዘግይተው ያስነሣሉ፤ ስለዚህ ግምቱ ላይ መኩራራት ወይም ማጭበርበር የሚጎዳው ራሳችሁን ነው።

አንድ ቡድን ሁለት ቫን ይዞ ይጓዛል፤ በእያንዳንዱ ስድስት ሯጮች ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቫን ሯጮች ስድስት ክፍሎችን ሮጠው ሲጨርሱ ሁለተኛው ቫን ይረከባል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ ባሕሩ ይደርሳሉ። ከላይ ባሰላነው ፍጥነት ስድስት ክፍል ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ዓርብ ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ቡድን እንዳለ እናስብ፦ የመጀመሪያው ቫን ሁለተኛ ተራውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጨርሶ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያርፋል፤ ከዚህ ላይ የመንዳትና የመብላት ጊዜ ሲቀነስ ሦስት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ይተርፈዋል። ሁለተኛው ቫን ግን ጥልቁን ሌሊት የሚሮጠው እሱ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። እኛ ይህን ካወቅን በኋላ የሌሊት ፈረቃ የለመዱ ነርሶችንና የታክሲ ሾፌሮችን ወደ ሁለተኛው ቫን እንመድባለን። በሌሊት ሥራ የተገራ ሰው በ8 ሰዓት ላይ ቀልድ ሲያወራ፣ የቢሮ ሠራተኛው ስሙን መርሳት ይጀምራል።

የጊዜ ሰሌዳው ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። አንድ ዓመት በቡድናችን የስልክ ግሩፕ ላይ «9 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ተብሎ ተጻፈ፤ ግማሹ ሰው በሀገር ቤት አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ግማሹ ደግሞ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብሎ ተረዳው። የስድስት ሰዓት ልዩነት በቅብብል ውስጥ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እናሰፍራለን።

የምዝገባው ክፍያ ለበጎ አድራጎት ነው የሚውለው?

አይደለም፤ ይህ ደግሞ በጣም የሚያሳስት ነጥብ ነው። የምዝገባው ክፍያ መንገድ ለማዘጋጀት፣ ለጥበቃና ለመሰል ወጪዎች ለውድድሩ አዘጋጅ የሚከፈል ነው። ውድድሩ የራሱ የበጎ አድራጎት አጋር አለው፤ እሱም በካንሰር ሕክምናና ምርምር ላይ የሚሠራው ፕሮቪደንስ የካንሰር ተቋም ነው። እናንተ ግን ለሌላ ዓላማ ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነ ስብስቡ፣ ሒሳቡና ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። በእኛ እምነት የምዝገባውን፣ የቫን ኪራዩንና የማደሪያውን ወጪ ሯጮቹ ከኪሳቸው መሸፈን አለባቸው፤ ከለጋሽ ብር ላይ ለቫን ኪራይ መቁረጥ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ጥያቄ ያስነሣል፣ ሐሜትም ያመጣል።

ታዲያ ገንዘቡ የሚሰበሰበው በምን መንገድ ነው?

ሩጫው ራሱ አንድ ሳንቲም አያመጣም። ገንዘቡን የሚያመጣው ከውድድሩ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ወራት የሚደረገው መጠየቅ፣ ማስታወስና መመዝገብ ነው። ለዚህ የቆየ ምሳሌ አለ። በ1985 ጎርደን ክላት የተባሉ የታኮማ፣ ዋሽንግተን ቀዶ ሐኪም ለአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ገንዘብ ለማሰባሰብ በፒውጀት ሳውንድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 24 ሰዓት ሙሉ ከ83 ማይል በላይ ዞሩ። ያገኙት 27,000 ዶላር ግን ከእግራቸው ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ወዳጆቻቸው 25 ዶላር እየከፈሉ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት አብረዋቸው እንዲሮጡ ወይም እንዲራመዱ አድርገው ነበር። በማግስቱ ዓመት 19 ቡድኖች ተሳተፉ፤ በኋላም ሪሌይ ፎር ላይፍ ተብሎ በብዙ አገሮች የተስፋፋው ዝግጅት ከዚያ በቀለ።

እኛ ከዚህ የተማርነው ሌሊቱን ቆራርሶ መሸጥን ነው። መንገዱ 36 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱን ክፍል አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሬስቶራንት፣ አንድ የዕድር ማኅበር ወይም አንድ የሥራ ባልደረቦች ቡድን እንዲይዘው እናደርጋለን። አንዱ ክፍል በ250 ዶላር ቢያዝ ድምሩ 9,000 ዶላር ይሆናል። የክፍሉ ባለቤት ስሙ በሯጩ ማልያ ላይ ይጻፍለታል፤ ክፍሉ ሲጠናቀቅም ሯጩ ላብ በላብ ሆኖ የተነሣውን ፎቶ ከአጭር የምስጋና ድምፅ ጋር ይልክለታል። ለተስፋፋ ማስታወቂያ ከሚወጣው ጉልበት ይልቅ ይህ ፎቶ ለቀጣዩ ዓመት የሚያመጣው ይበልጣል። ለጋሹ ለተሮጠው ማይል ሁሉ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል እንዲገባ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ቃል የገባን ሰው ከውድድሩ በኋላ ማሳደድ አድካሚ ስለሆነ እኛ ትተነዋል።

የእራት ዝግጅት ጨምራችሁ ዕጣ ማውጣት የምታስቡ ከሆነ የዕጣ ሕግ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ለጋሾች የሰጡት ገንዘብ ከግብር ይቀነስላቸዋል?

ተቀባዩ ማን እንደሆነ ይወስነዋል። በአሜሪካ ሕግ ስጦታው ተቀናሽ የሚሆነው በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በአይ.አር.ኤስ. ዘንድ 501(ሲ)(3) በሚባለው የበጎ አድራጎት ደረጃ ለተመዘገበ ድርጅት ሲሰጥ ነው፤ ድርጅቱ መመዝገቡን በዚሁ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጎ ማረጋገጥ ይቻላል። በአንድ የቡድን አባል የግል ሒሳብ ወይም በግለሰብ ስም በተከፈተ የጎፈንድሚ (የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) ገጽ የገባ ገንዘብ፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን፣ ተቀናሽ አይሆንም። ስለዚህ ቡድኑ ራሱ ድርጅት ካልሆነ ለጋሾች በቀጥታ ለተመዘገበው ድርጅት እንዲከፍሉ፣ ቡድኑ ግን በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የቡድኑ ስም እንዲጻፍ ብቻ እንዲጠይቅ እንመክራለን። ብሩ በእጃችሁ ካላለፈ የሚቀርላችሁ ራስ ምታት ብዙ ነው።

ሁለት ቁጥሮች ማስታወስ ይጠቅማል። ለጋሹ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጠ ተቀናሽ ለማድረግ ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው፣ ለጋሹ በምላሹ አንድ ነገር ሲያገኝ የሚመጣ ነው፦ አንድ ሰው ለእራት ትኬት 100 ዶላር ከፍሎ 35 ዶላር የሚያወጣ ምግብ ከበላ ተቀናሽ የሚሆንለት 65 ዶላሩ ብቻ ሲሆን፣ ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ስለሆነ ድርጅቱ ይህን ልዩነት በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ዶሮ ወጥም ቢሆን ዋጋ አለው። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ ግዛቶች ከሕዝብ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ድርጅቶች በግዛቱ እንዲመዘገቡ ስለሚጠይቁ ድርጅቱን ስትመርጡ ይህንንም ጠይቁ።

የምንረዳው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነስ?

ይቻላል፤ መንገዱ ግን ቀጥታ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት በቀጥታ የተላከ ስጦታ በአሜሪካ በአጠቃላይ ተቀናሽ ስለማይሆን፣ እዚህ የተመዘገበና ገንዘቡን በራሱ ሥልጣን የሚያስተዳድር አጋር ድርጅት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ተቀባዩ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን የምስክር ወረቀቱን አስልካችሁ ተመልከቱ። «እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ደጎች ናቸው» የሚለው ምስክርነት ጥሩ ነው፤ ለ40 ለጋሽ ግን በቂ መልስ አይሆንም።

በዓረብ አገሮች ያሉ ዘመዶቻችን የገንዘብ ማሰባሰቢያውን ሊንክ ቢያሠራጩልንስ?

አይጠይቋቸው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደረገውን ጨምሮ፣ በሕግ የሚያስቀጣ ነው። ለጥቂት ዶላር ብሎ አንዲት እህት መኖሪያ ፈቃዷን አደጋ ላይ እንድትጥል ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ልምምዱ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ምን ይሻላል?

ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ፍልሰታ በተፈታበት ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ የመጨረሻዎቹ የልምምድ ሳምንታት ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጾም ውስጥ ይወድቃሉ። ደግነቱ የሩጫ ልምምድ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እየቀነሰ መሄድ ስላለበት ሁለቱ በጣም አይጋጩም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አባሎቻችን ልምምዱን ወደ ማታ ያዛውሩታል፤ ከበሉና ውኃ ከጠጡ ከሁለት ሰዓት በኋላ መሮጥ የሌሊቱንም ጨለማ ያስለምዳል። ውድድሩ የሚነሣው ዓርብ መሆኑንም ልብ ይሏል፤ ስለዚህ በቫኑ ውስጥ የሚጫነው ስንቅ የጾም መሆን አለበት። ሙስሊም አባላት ካሏችሁ የጁምዓ ሰላት ሰዓት በየትኛው ቫን ዕረፍት ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ አስሉ፤ ቦታ መቀያየር ከባድ አይደለም፣ በመጨረሻው ሰዓት ካልሆነ በቀር።

በቫኑ ውስጥ ምን እንብላ?

በሶ። በጥብጦ መጠጣትም ሆነ ጭብጦ አድርጎ መያዝ ይቻላል፣ አይበላሽም፣ የጾም ነው፣ ሆድም አይከብድም። ከሱ ጋር ሙዝ፣ ቴምር፣ ጨው ያለው የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦና ሻይ በቂ ናቸው። ቆሎ ለአሽከርካሪው እንቅልፍ ማባረሪያ ይሆናል። በርበሬ የበዛበት ነገር ግን ከሩጫ በፊት አይነካም፤ በሁለት ተራ መካከል እንጀራ በቀይ ወጥ የበላ ወንድማችን ቀጣዩን ክፍል ያሳለፈው ሜዳውን ሳይሆን ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤቶቹን እየቆጠረ ነበር። እናቶች ፍቅራቸውን በድስት ልከው ቢያስጨንቋችሁ ድስቱን ለሲሳይድ አቆዩት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ዳር ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር የለም።

የሌሊቱ ሩጫ አደገኛ አይደለም?

አደጋ አለው፤ ትልቁ አደጋ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሯጩ ላይ ያለው አይደለም። ሯጩ በጨለማ ሰዓት አንጸባራቂ ሰደርያ ይለብሳል፣ የግንባር መብራት ያስራል፣ ከኋላው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይሰካል፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበትም ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየ በግራ በኩል ይሮጣል። ሙዚቃ ጆሮ ላይ ሰክቶ መሮጥን ብዙ ውድድሮች ይከለክላሉ፤ ባይከለክሉም አይደረግም። ከተራራ እስከ ባሕር ባለው መንገድ ላይ የጠጠርና የአቧራ ክፍሎችም ስላሉ ቫኖቹ ባለፉ ቁጥር የሚነሣውን አቧራ ለመከላከል ስስ ሻሽ መያዝ ይጠቅማል።

የሚያስፈራው አሽከርካሪው ነው። ሦስት ጊዜ ሮጦ፣ ሁለት ሰዓት ተኝቶ፣ ጎህ ሲቀድ በጠመዝማዛ የደን መንገድ ላይ ስድስት ሰው ጭኖ የሚነዳ ሰው ከሰከረ ሰው ብዙም አይለይም። ስለዚህ እኛ ለእያንዳንዱ ቫን የማይሮጥ አሽከርካሪ እንመድባለን፤ ሯጮቹ ሲሯሯጡ እሱ መተኛቱ ስንፍና ሳይሆን ሥራው ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላም በዚያው ቀን ወደ ቤት ለመንዳት አትቸኩሉ፤ የቅዳሜ ማታ ማደሪያ ከወራት በፊት መያዝ አለበት፣ ትንሿ ሲሳይድ በዚያ ቅዳሜ ትሞላለችና። የሲያትል ልጆች «ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው» እያሉ ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ቁልፉን ተቀበሏቸው።

በመንገዱ ላይ የስልክ ኔትወርክ አለ?

ከፖርትላንድ ወጥታችሁ በሴንት ሄለንስ በኩል ወደ ሚስት መንደር ስታመሩ፣ በባሕር ዳርቻው ተራሮች መካከል ለሰዓታት ይጠፋል። ይህን ያወቅነው በደረሰብን ነው። «ሯጩ ሲቃረብ ይደውላሉ» ብለን ቫን ውስጥ ተኝተን ሳለ፣ የእኛ ልጅ ደርሳ አምባሩን የምታቀብለው ሰው አጥታ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ ያህል በብርድ ቆማለች፤ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ብርድ ልብስ አልብሳት ነበር ያገኘናት። ጥፋቱ የኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው በወረቀት ታትሞ በሁለቱም ቫን ይለጠፋል፤ ተረካቢው ሯጭ ስልክ ቢጮህም ባይጮህም ከተገመተው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድሞ መቀበያው ላይ ይቆማል።

መሮጥ የማልችል ሰው እንዴት ልሳተፍ?

ከፖርትላንድ ተነሥቶ እስከ ባሕሩ የሚደረግ የእግር ጉዞ ቅብብል አለ። እሱም ከበዛብዎ በየአካባቢው የሚካሄደው ሪሌይ ፎር ላይፍ አለ፤ በዚያ ውድድር የለም፣ ዋናው ነገር ከቡድኑ ቢያንስ አንድ ሰው በዙሩ ላይ እየተራመደ መቆየቱ ነው፤ ሲመሽም በካንሰር ያረፉና ከሕመሙ ጋር የሚታገሉ ሰዎች ስም የተጻፈባቸው መብራቶች በሜዳው ዙሪያ ይበራሉ። እናቶቻችን በነጠላቸው ሆነው ሲዞሩ ያየ ሰው ለመሮጥ አልጠነከርኩም ብሎ አይቀርም። ከዚህም ሌላ አሽከርካሪ፣ ሒሳብ ያዥና በመቀበያ ጣቢያዎች የሚቆም በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

በአውሮፓ የምንኖርስ?

በኔዘርላንድስ ሮፓረን የሚባል የበጎ አድራጎት ቅብብል አለ። በ1992 የተጀመረ ሲሆን፣ ቡድኖች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በቅብብል ሮጠው በምዕራባውያኑ የጰራቅሊጦስ በዓል ሰሞን ሮተርዳም ይገባሉ፤ ገንዘቡ ለካንሰር ሕሙማን ሥቃይ ማስታገሻ እንክብካቤ ይውላል። ከፍ ያለ ዝግጅት ስለሚጠይቅ መጀመሪያ በአንድ ቡድን ውስጥ ረዳት ሆኖ መሄድ ይሻላል።

ሯጭ በመሐል ቢጎዳብንስ?

ቀሪዎቹ በደንቡ መሠረት ተራውን ይወስዳሉ፤ ማን የማንን እንደሚወስድ ግን ጉዳቱ ሳይደርስ በፊት በወረቀት ላይ ይወሰን። በሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስብሰባ አይጠራም።

ሒሳቡ የሚዘጋው መቼ ነው?

በውድድሩ ማግስት አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸው የለገሰውን ያህል ጨምረው ይሰጣሉ፤ ይህ ተጨማሪ ገንዘብ ግን ማመልከቻው ቀርቦ፣ ተረጋግጦ እስኪደርስ ወራት ሊወስድ ይችላል። እኛ የመጀመሪያውን ሪፖርት፣ ከማን ምን ያህል እንደገባና ለማን እንደተላለፈ የሚያሳየውን፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ለሁሉም ለጋሽ እንልካለን። ሁለተኛውና የመጨረሻው የሚወጣው ከገና በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሒሳብ ያዥዋ የዘገዩትን ቼኮች አስገብታ፣ ከሌላ አባል ጋር ፈርማ፣ ደብተሩን ለሚቀጥለው ዓመት አስተባባሪ ታስረክባለች።